ካርድ ክፍሉ ወደ ኮምፒውተር ሲገባ ሂሳቡን የሚከፍለው ማነው?

በዚህ ወር ከደረሱን ደብዳቤዎች ሦስቱ የሚያወሩት ስለ አንድ ነገር ነው፤ የታካሚ መረጃን ከወረቀት ወደ ኮምፒውተር ስለማዞር። አንዱ የክሊኒክ ባለቤት ናቸው። አንዷ ካርድ ክፍል ትሠራለች። ሦስተኛዋ አሜሪካ ያለች ነርስ ናት። እኔም ይህን ዓምድ ከመጀመሬ በፊት ዓመታት ያሳለፍኩት በሆስፒታል ካርድና መረጃ ክፍል ውስጥ ስለሆነ ጉዳዩ ቅርቤ ነው። ስለዚህ ዛሬ ሌላውን ጥያቄ አቆይቼ ለሦስቱ ብቻ እመልሳለሁ።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ሐዋሳ ውስጥ መካከለኛ ክሊኒክ አለኝ። በቀን ወደ 60 ታካሚ እናያለን። ካርዱ ሁለት ክፍል ሞልቷል። የቆየ ታካሚ ሲመጣ ካርዱን ፍለጋ ግማሽ ሰዓት የሚፈጅበት ጊዜ አለ፣ ሲብስም አዲስ ካርድ እናወጣለን። አሁን አንድ ድርጅት ሶፍትዌር ልሽጥልዎ ብሎ ፕሮፎርማ አምጥቶልኛል። የወንድሜ ልጅ «ግዛ፣ በዓመት ወጪህን ትመልሳለህ» ይለኛል። የሒሳብ ሠራተኛዬ ደግሞ «ገንዘብ ማባከን ነው» ትላለች። የማንን ልስማ?

መልስ፦ ጤና ይስጥልኝ። ሁለቱም አልተሳሳቱም። እሱ የሚያየው ጥቅሙ የሚደርሰውን ሰው ነው፣ እሷ ደግሞ ወጪው የሚያርፍበትን። በዚህ ነገር ላይ የማየው ጭቅጭቅ ሁሉ የሚነሳው ከዚሁ ነው። የሚከፍለውና የሚጠቀመው ሰው አንድ አይደሉም።

ከጥቅሙ ልጀምር። «ሲብስም አዲስ ካርድ እናወጣለን» ያሉት ነገር አስደንግጦኛል። አዲስ ካርድ ሲወጣ የሰውየው ያለፈ ታሪክ አብሮ ይቀበራል። እኔ በሠራሁበት ሆስፒታል አንዲት እናት ሦስት ካርድ ነበራቸው። በአንዱ ላይ ብቻ ፔኒሲሊን እንደማይስማማቸው በቀይ እስክርቢቶ ተጽፏል። በታመሙ ዕለት የተገኘው ካርድ ሌላው ነው። መርፌው ተሰጣቸው፣ ፊታቸው አበጠ፣ ትንፋሽ አጠራቸው። እግዚአብሔር ይመስገን ተረፉ። ያን ቀን ተረኛዋ እኔ ነበርኩ። ቀይ እስክርቢቶ ያለበትን ካርድ ፈልጌ ያጣሁትም እኔ ነኝ። ስለዚህ አንድ ሰው አንድ ካርድ፣ አንድ ቁጥር ይኑረው ስል ለጽዳት ወይም ለዘመናዊነት ብዬ አይደለም።

ጊዜም ይቆጠባል። ጎረቤታችን ኬንያ ውስጥ ሞሶሪዮት የሚባል የገጠር ጤና ጣቢያ በ2001 እ.ኤ.አ. ካርዱን ኮምፒውተር ላይ አደረገ። ከዚያ በፊትና በኋላ ሰዓት ይዘው ለኩት። ታካሚው እዚያ የሚያሳልፈው ጊዜ በ22 በመቶ አጠረ። ወረፋ የሚጠብቅበት ደግሞ በ38 በመቶ። ከዚያ ሥራ ነው በኋላ ኦፕንኤምአርኤስ የሚባለው፣ ዛሬ በብዙ አገር የሚሠራበት ነፃ ሶፍትዌር የተወለደው። ግን እዚያው ጥናት ላይ ሌላ ቁጥር አለ። ታካሚው ከሚያክመው ባለሙያ ጋር የሚቆይበት ጊዜም በ58 በመቶ ቀንሷል። ይሄን ሳነብ ደስታዬ ቀዘቀዘ። ባለሙያው ከመጻፍ ስላረፈ ከሆነ ጥሩ ነው። ታካሚው ሳይደመጥ ወጥቶ ከሆነ ግን ያጠረው ጊዜ ትርፍ አይባልም። እርስዎም ሲለኩ ሁለቱን ለይተው ይለኩ።

የመድኃኒት ስህተትም ይቀንሳል። ቦስተን ያለ አንድ ትልቅ ሆስፒታል ሐኪሞቹ መድኃኒት በኮምፒውተር እንዲያዙ ሲያደርግ ከባድ የመድኃኒት ስህተት ከግማሽ በላይ መውረዱ በ1998 እ.ኤ.አ. ታትሟል። የሐኪም ጽሑፍ ማንበብ አቅቷት ፋርማሲስቷ ስትደውል ያየ ሰው ምክንያቱ አይጠፋውም።

በገንዘብ በኩል ለእርስዎ ክሊኒክ ቶሎ የሚመለሰው ሌላ ቦታ ነው። ተሠርቶ ያልተከፈለበት ላብራቶሪ አለ። መደርደሪያ ላይ ጊዜው ያለፈበት መድኃኒት አለ። ከመድን ድርጅት ጋር ውል ካለዎት ደግሞ ማስረጃ ጠፍቶ የሚቀር ክፍያ ይኖራል። የወንድምዎ ልጅ «በዓመት» ያለው እነዚህን ቆጥሮ ከሆነ ላይሳሳት ይችላል። ሳይቆጥር ከሆነ ግን እንዲያው ተስፋ ነው። ከመግዛትዎ በፊት የአንድ ወር ደረሰኝና የላብራቶሪ መዝገብ አስቀምጠው ያስተያዩ። ክፍተቱ ስንት ብር እንደሆነ በሁለት ቀን ያውቁታል።

አሁን ወጪው። ፕሮፎርማው ላይ ያለው ዋጋ ትንሹ ወጪ ነው። ኮምፒውተር አለ፣ መብራት ሲጠፋ ኮምፒውተሩን ለጥቂት ጊዜ የሚያቆየው ባትሪ (ዩፒኤስ) አለ፣ የኔትወርክ ገመድ አለ፣ መብራት ሲሄድ ጀነሬተር አለ፣ ሲበላሽ የሚጠግን ሰው አለ፣ የሠለጠነችው ነርስ ለቃ ስትሄድ አዲሷን እንደገና ማሠልጠን አለ። ክፍያው በየዓመቱ በዶላር ከሆነ በደንብ ያስቡበት። ሐምሌ 2016 ላይ ብር በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንት ከ100 አልፏል። በዚያ ዓመት በዶላር ውል የነበረው ሰው ምን እንደተሰማው መገመት አያቅትም። «ነፃ ሶፍትዌር ነው» ቢሉዎትም ነፃ የሆነው ፈቃዱ ብቻ ነው፣ የሚተክለውና የሚንከባከበው ሰው ደመወዝ ይበላል።

ትልቁ ወጪ ግን በብር አይጻፍም። የሠራተኛ ጊዜ ነው። በአንድ ታካሚ ሦስት ደቂቃ ቢጨምር በ60 ታካሚ 180 ደቂቃ፣ ማለትም በቀን ሦስት ሰዓት። ያን ሦስት ሰዓት የሚከፍሉት እንግዳ ተቀባይዋና ነርሶቹ ናቸው፤ ምሳቸውን ትተው፣ አምሽተው። ጥቅሙ ደግሞ ለእርስዎ፣ ለታካሚውና ሪፖርት ለሚቀበለው ጤና ቢሮ ይሄዳል። ስለዚህ እለምንዎታለሁ፣ ለመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት አንድ ተጨማሪ ሰው ይቅጠሩ ወይም የሚያዩትን ታካሚ ቁጥር ይቀንሱ። ይሄን ወጪ ከአሁኑ ሂሳብ ውስጥ ያስገቡት። ካላስገቡት ሠራተኞቹ በዝምታ ወደ ወረቀቱ ይመለሳሉ፣ ኮምፒውተሩም አቧራ ይለብሳል።

በችኮላ መትከል ምን እንደሚያመጣ የሚያሳይ አንድ የሚያሳዝን ታሪክ አለ። አሜሪካ ፒትስበርግ ውስጥ ያለ የሕፃናት ሆስፒታል መድኃኒት በኮምፒውተር የማዘዝ ሲስተም በስድስት ቀን ውስጥ በሁሉም ክፍል አስገባ። በ2005 እ.ኤ.አ. የታተመው ጥናት እንደሚለው፣ ከሌላ ሆስፒታል ተላልፈው ከመጡት ሕፃናት መካከል የሞቱት ከ2.80 በመቶ ወደ 6.57 በመቶ ወጣ። ቀድሞ ሕፃኑ መንገድ ላይ እያለ መድኃኒት ይታዘዝለት ነበር። በአዲሱ ሲስተም ግን ሕፃኑ ደርሶ ሳይመዘገብ ማዘዝ አይቻልም። በሰከንድ ያልቅ የነበረ ትእዛዝ አንድ ሁለት ደቂቃ መጫን ጠየቀ። ያንኑ ሲስተም ሲያትል ያለ ሌላ የሕፃናት ሆስፒታል ተክሎት የሞት ቁጥር አልጨመረም። ሶፍትዌሩ አንድ ነው፣ አገባቡ ነው የተለያየው።

ሻጩን ደግሞ ፊት ለፊት ቁጭ አድርገው የሚጠይቁት ነገር አለ። ከሁሉ በፊት ስለ ዘመን አቆጣጠር። መስከረም 2016 የተወለደ ሕፃን በፈረንጅ 2016 ተብሎ ከገባ ሲስተሙ ሰባት ዓመት ይጨምርበታል። ጡት የሚጠባ ልጅ ተማሪ ሆኖ ይወጣል። ሰዓቱም እንዲሁ። ወረቀቱ ላይ «8:00» ተብሎ ለጠዋት የታተመ መድኃኒት እናቶቻችን ጋ ሲደርስ ከምሳ በኋላ ስምንት ሰዓት ነው። ስም ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው። ፀሐይ የሚለውን ስም በላቲን ፊደል አምስት ሰው አምስት ዓይነት ይጽፈዋል። በራሳችን ፊደልም ቢሆን ፀሐይ፣ ጸሐይ፣ ፀሀይ እያልን ነው። ሲስተሙ እነዚህን አንድ ሰው መሆናቸውን ካላወቀ ያው አዲስ ካርድ ማውጣት ኮምፒውተር ላይ ይቀጥላል። ስለዚህ ሻጩ ፊትዎ ቁጭ ብሎ «ጸሐይ» ብሎ ይፈልግ፤ «ፀሀይ» ተብላ የተመዘገበችውን ካላመጣ አይፈርሙ። የእናት ስም፣ ስልክ፣ ካለም የፋይዳ ቁጥር የሚገባበት ቦታ መኖሩንም ይዩ። ኢንተርኔት ሲቋረጥ ይሠራል? ውሉን ባቋርጥ የታካሚዎቼን መረጃ ሙሉውን በእጄ ትሰጠኛለህ? እነዚህን ሁለቱን በጽሑፍ ያስፈርሙት። በተለይ የኋለኛውን።

ምስጢርንም አይርሱ። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል፣ የጤና መረጃ ደግሞ ልዩ ጥንቃቄ ከሚያስፈልጋቸው ውስጥ ነው። ብዙ ቦታ አንድ ፓስወርድ ሰሌዳ ላይ ተጽፎ ሁሉም ሲጠቀምበት አይቻለሁ። የኤችአይቪ ታካሚ ጎረቤቱ እዚያው ክሊኒክ ጽዳት ብትሆን ምን እንደሚሰማው ያስቡት። ለእያንዳንዱ ሠራተኛ የራሱ ፓስወርድ ይሰጠው፣ ማን የማንን ካርድ እንደከፈተም ይመዝገብ። መረጃው በየቀኑ ከክሊኒኩ ውጭ ወዳለ ሌላ ዲስክ ይገልበጥ። ግንቦት 2017 እ.ኤ.አ. ላይ ዋናክራይ የሚባለው፣ መረጃ ቆልፎ ገንዘብ የሚጠይቅ ቫይረስ የእንግሊዝን ሆስፒታሎች ሲመታ ስንት ቀጠሮ እንደተሰረዘ ያውቃሉ? ወደ 19 ሺህ።

እና ይግዙ ወይስ አይግዙ? እኔን ከጠየቁኝ፣ ይግዙ፣ ግን ሙሉውን አይደለም። መጀመሪያ ምዝገባና የካርድ ቁጥር ብቻ ይግባ። ያኔ ካርዱ ወረቀት ሆኖ ይቀጥላል፣ የት መደርደሪያ እንዳለ ግን ኮምፒውተሩ ይነግርዎታል። ያ ሲረጋጋ ክፍያና ፋርማሲ። ከዚያ ላብራቶሪ። ሐኪሞቹን መጨረሻ ላይ ያምጧቸው። ደግሞ እያንዳንዱ ክፍል ሲገባ የዚያ ክፍል ወረቀት የሚቆምበት ቀን ቀድሞ ይወሰን። ለምን እንዲህ እንደምል ከቀጣዩ ደብዳቤ ይረዱታል።

ጥያቄ፦ ስሜ አይጻፍ። የመንግሥት ሆስፒታል ካርድ ክፍል ነው የምሠራው። ኮምፒውተር ከገባ ሁለት ዓመት ሆነው። ግን መዝገቡም አልቀረም። አንዱን ታካሚ መዝገብ ላይ እጽፋለሁ፣ ካርድ ላይ እጽፋለሁ፣ ከዚያ ኮምፒውተር ላይ አስገባለሁ። ሰዉ ወረፋ ላይ ይጮህብኛል። «ሲስተም የለም» ባልኩ ቁጥር እኔ ያጠፋሁት ይመስላቸዋል። አለቃዬ ደግሞ ወደፊት ኮምፒውተሩ ስለሚሠራው ካርድ ክፍል ሰው ይቀነሳል ይላል። እየደከምኩ ያለሁት ራሴን ከሥራ ለማስወጣት ነው?

መልስ፦ እህቴ፣ ድካምሽ እውነት ነው፣ የአንቺ ስንፍናም አይደለም። እኔም ወንበርሽ ላይ ተቀምጬ አውቀዋለሁ። ይሄ ድርብ ምዝገባ የሚባለው ነገር በአገራችን የዚህን ቴክኖሎጂ ጥቅም የሚበላ ዋናው በሽታ ነው። ጤና ሚኒስቴር የመረጃ አብዮት ብሎ በ2008 ዓ.ም. የጀመረው ዘመቻ ዓላማው ጥሩ ነበር። ዲኤችአይኤስ2 የሚባለው የሪፖርት ሲስተምም ገብቶ ከጤና ጣቢያ የሚወጣ ቁጥር ወረዳውም፣ ክልሉም፣ ሚኒስቴሩም ጋ ይደርሳል። ወረርሽኝ ሲነሳ፣ ክትባት ሲጎድል ቶሎ ይታያል። ይሄ ትልቅ ነገር ነው። ግን ያ ቁጥር የሚነሳው ከአንቺ እጅ ነው፣ ለአንቺ የሚመለስልሽ ምን አለ? ታብሌትም የቤተሰብ ማህደሩን ወረቀትም አንድ ላይ የሚሞሉ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች አውቃለሁ። ቤት ለቤት ሲዞሩ ውለው ማታ ቁጭ ብለው ይገለብጣሉ።

ከዚህ በፊት ስማርትኬር የሚባለው የኤሌክትሮኒክ ካርድ ሲስተም በሆስፒታሎቻችን ገብቶ ነበር። በ2015 እ.ኤ.አ. የታተመ፣ አምስት ሆስፒታሎች ላይ የተሠራ ጥናት ሲስተሙን ከሚጠቀሙት ባለሙያዎች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት እንዳልረኩበት አሳይቷል። የሚሞላ ሰው ሲሰለች የሚገባው መረጃ ይበላሻል። የተበላሸ መረጃ ደግሞ ላይ ያለውን ኃላፊም አይጠቅመውም፣ ስለዚህ የአንቺ ድካም የእሱም ችግር ነው። ይሄን ልትነግሪው ትችያለሽ።

እንዴት ብለሽ? ማልቀስሽን ትተሽ ቁጥር ያዢ። ለአንድ ሳምንት በቀን የሃያ ታካሚ ሰዓት መዝግቢ፤ መዝገብ ላይ ስንት ደቂቃ፣ ካርድ ላይ ስንት፣ ኮምፒውተር ላይ ስንት። የትኛው መረጃ ሦስት ቦታ እንደሚጻፍ በአንድ ገጽ አስቀምጪ። ከዚያ ከጓደኞችሽ ጋር ሆናችሁ ኃላፊውን አንድ ነገር ብቻ ጠይቁ፦ የትኛው ይቅር? «ኮምፒውተሩ አስቸገረን» ስትሉ ለውጥ የጠላችሁ ይመስላል። «ይህ መዝገብ በቀን ሁለት ሰዓት ይፈጃል፣ ያው መረጃ ኮምፒውተሩ ላይ አለ» ስትሉ ግን መልስ መስጠት ይኖርበታል።

ስለ ሥራሽ። ካርድ ፈልጎ ማምጣት እየቀነሰ ይሄዳል፣ ይሄን አልደብቅሽም። ግን ሁለት ጊዜ የተመዘገበን ሰው ለይቶ አንድ የሚያደርግ፣ «ይቺ እናት ባለፈው በባለቤታቸው ስም ነበር የመጡት» የሚል ሰው ያስፈልጋል። ያን ሶፍትዌሩ አያውቀውም፣ አንቺ ነሽ የምታውቂው። ሥልጠና በመጣ ቁጥር ስምሽን አስገቢ። ኤክሴልም ቢሆን፣ የሪፖርት ሥራም ቢሆን። አለቃሽም የሚቀነስ ሰው ከመቁጠሩ በፊት የጠፉ ካርዶችን ቢቆጥር ይሻላል፣ ይሄን ስል ከልቤ ነው።

ጥያቄ፦ ሰላም ነው? ሜሪላንድ ውስጥ ነርስ ሆኜ ስሠራ አሥር ዓመቴ ነው። እዚህ ሁሉም ነገር ኮምፒውተር ላይ ነው። እውነቱን ለመናገር ከታካሚው ፊት ይልቅ ስክሪኑን ሳይ ነው የምውለው። ወንድሜ አዲስ አበባ ሐኪም ነው። ሆስፒታላቸው ሙሉ በሙሉ ወደ ኮምፒውተር ሊገባ ነው፣ ደስ ብሎታል። ደስታውን ማበላሸት አልፈልግም፣ ግን ዝም ማለትም ከበደኝ። ምን ልበለው?

መልስ፦ ሰላም እህቴ። ዝም አትበዪው፣ አንቺ ያየሽውን እዚህ ያየው ሰው ጥቂት ነው።

አንቺ ጋ ነገሩ እንዴት እንደመጣ አስታውሺ። በ2008 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ ከአሥር ሆስፒታል አንዱ እንኳ መሠረታዊ የሚባል የኤሌክትሮኒክ ካርድ አልነበረውም። ሐኪሞቹ «እኛ እንከፍላለን፣ የሚያተርፈው ኢንሹራንሱ ነው» ይሉ ነበር። እውነታቸውንም ነው። በ2009 ሃይቴክ የሚባለው ሕግ ወጣና መንግሥት ራሱ ከፈለ። ሲስተሙን በአግባቡ ለተጠቀመ አንድ ሐኪም ሜዲኬር በሚባለው የመንግሥት የአረጋውያን ጤና መድን በኩል በአምስት ዓመት እስከ 44 ሺህ ዶላር። በኋላ ደግሞ ያልገባበት ክፍያው ይቀነስበት ጀመር። በ2015 ከአሥር ሆስፒታል ከስምንት በላይ የሚሆኑት ገብተውበታል። እንግዲህ ገንዘቡ የሚከፍለውን ሰው ስላገኘ ነው በዚያ ፍጥነት የሄደው።

ጊዜን ግን ማንም አልከፈለም። በ2016 የታተመ ጥናት ሐኪሙ ከታካሚ ጋር በሚያሳልፈው በአንድ ሰዓት ላይ ወደ ሁለት ሰዓት የሚጠጋ ለኮምፒውተርና ለጽሕፈት ሥራ እንደሚያወጣ አሳየ። ራንድ የሚባለው የጥናት ተቋም በ2005 በዓመት 81 ቢሊዮን ዶላር ሊተርፍ ይችላል ብሎ ነበር። በ2013 ግን የተጠበቀው እንዳልተገኘ የዚያው ተቋም ሰዎች ራሳቸው ጻፉ። አንዱ ምክንያት፣ አንቺም በየቀኑ የምታዪው ይመስለኛል፣ እዚያ የሚሞላው ቅጽ ብዙው ለክፍያና ለሕግ ማስረጃ ነው። ታካሚውን ለማከም የሚያስፈልገው ከዚያ በጣም ያንሳል።

ወንድምሽ ጋ ሁኔታው ሌላ ነው። እዚህ የሚያሳስበኝ ሐኪሙ የሚያየው ሰው ብዛት ነው። በጠዋት አርባ ሰው ለሚያይ ሐኪም በያንዳንዱ ሰው አሥር ቦታ መጫን ማለት ምን እንደሆነ አንቺ ከእኔ በላይ ታውቂያለሽ። ደስታው ግን ከንቱ አይደለም። ከሌላ ሆስፒታል የተላከ ታካሚ በእጁ የተቀደደ ወረቀት ብቻ ይዞ ሲመጣ፣ የላብራቶሪ ውጤት ጠፍቶ ድሃው ሰውዬ እንደገና ሲከፍል፣ የስኳር ታካሚ የዛሬ ሦስት ወር ስኳሩ ስንት እንደነበር ማንም ሳያውቅ ሲቀር ያየ ሰው ነው። አንቺ በአንድ ጠቅታ የምታዪው ነገር ለእሱ ሕልም ነው።

ስለዚህ አታስፈራሪው። አንድ ምሽት ደውይለትና የሥራ ቀንሽን ከጠዋት እስከ ማታ ንገሪው። የትኛው ቅጽ እንደሚጠቅምሽ፣ የትኛውን ማንም ሳያነበው እንደምትሞዪ። ከዚያ ቅጹን የሚያዘጋጀው ኮሚቴ ውስጥ ይግባ። በየሆስፒታሉ አይቻለሁ፣ ኮሚቴው የኃላፊዎችና የአይቲ ሰዎች ይሆንና የሚሞላው ሐኪምና ነርስ ሥልጠና ላይ ነው መጀመሪያ የሚያዩት። ያኔ ለመቀየር ይረፍዳል። ወንድምሽ ከአንቺ የሰማውን ዝርዝር ይዞ ቢገባ፣ ከመቶ ቅጽ ሠላሳውን እንኳ ቢያስቀር፣ ለሥራ ጓደኞቹ ትልቅ ውለታ ነው።

የሐዋሳው አንባቢያችን፣ ከጀመሩት በሦስተኛው ወር ይጻፉልኝ። እርስዎ ብቻ ሳይሆኑ እንግዳ ተቀባይዋም በራሷ እጅ ትጻፍልኝ፤ ደብዳቤዋን እዚሁ ዓምድ ላይ አወጣዋለሁ።